የአዴር ባሬ መቀስ

ጅግጅጋ ውስጥ ሳይጠሩት ግቢ ገብቶ ያላዘዙትን ቅርንጫፍ የሚቆርጥ ጎረቤት የሌለው ሰፈር ካለ፣ ያ ሰፈር ገና ሰው አልገባበትም ማለት ነው። የመምህርት አገሬ ሰፈር እንኳ በዚህ አይታማም፤ ክቡር የመቀስ ሚኒስትር አቶ ባሬ አሉት።

አቶ ባሬ በደገሀቡር መንገድ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ትልቁም ትንሹም «አዴር» ይላቸዋል፣ አጎቴ እንደ ማለት ነው። መቀስ ከሽርጣቸው ወገብ አይለይም። «ትንሽ ብቻ!» ብለው ይጀምራሉ፤ ሲጨርሱ አጥሩ ተላጭቷል። የመድኃኒት ቤቱን ዛፍ «ትንሽ ብቻ» ብለው ደንበኛውን ሁሉ ፀሐይ ላይ አሰልፈውታል። ሠርግ ተጠርተው የሙሽራዋን እቅፍ አበባ አስተካከሉ ተብሎም ይወራል፤ አገሬ ታምናለች።

አገሬ አጥሯ ጥግ አንድ ቡገንቪላ አላት። ከእናቷ ደጅ ቆርጣ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ያመጣችው ነው። እናቷ ዛሬ የሉም፤ ቤቱም ተሽጧል። የቀራት ይኸው አበባ ነው።

በ2014 ዝናብ ጠፍቶ ሰፈሩ የውሃ ቦቴ ሲጠብቅ፣ አገሬ ክረምቱን እህቷ ዘንድ ልትከርም ሻንጣ ስታዘጋጅ የመቀስ ድምፅ ሰማች። ሮጣ ስትወጣ ቡገንቪላው ጉቶ ሆኗል።

«አዴር! ምን አደረጉኝ?»

«ትንሽ ብቻ። ውሃ ሲጠፋ ጠጪውም ይቀነሳል፣ መምህርት።»

«የእናቴ ነበር እኮ!»

ሽማግሌው መቀሳቸውን ሽርጣቸው ወገብ ላይ መለሱ። አገሬም ሳትሰናበታቸው ሄደች፤ ሁለት ወር ሙሉ ስትረግማቸው ከረመች።

መስከረም ላይ ስትመለስ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። የሰፈሩ አትክልት ሁሉ ጠውልጎ፣ የእሷ ጉቶ ግን ለምልሞ ቀይ አበባው ከአጥሩ አልፎ መንገድ ላይ ወርዷል። አከራይዋን ናስትሆን ጠየቀቻት።

«አዴር ናቸዋ! ቤታቸው መታጠብ ሲችሉ ማንቆርቆሪያ ይዘው እዚህ ይመጣሉ። ለሶላት ውዱእ የሚያደርጉት እዚሁ ነው፤ ውሃው ሥሩ ላይ እንዲወርድ። በቀን አምስቴ፣ ወላሂ! ምነው ስላቸው፣ ‹የመምህርት እናት አደራ ናት› አሉኝ።»

አገሬ አለቀሰች። ስትረግማቸው የከረመችበት አፏ አሳፈራት።

በማግስቱ አዴር ባሬ ሲመጡ ውሃ የሞላ ማንቆርቆሪያ ከአጥሩ ሥር ተቀምጦ ጠበቃቸው። አገሬ መንገዱን የዘጋውን ቅርንጫፍ አሳየቻቸው። «አዴር፣ ትንሽ ብቻ ይቁረጡልኝ።»

ክቡር ሚኒስትሩ መቀሳቸውን ከኋላቸው ደበቁ።

«እንዲህ አብባ እያለች? ምን ዓይነት ጨካኝ ሴት ነሽ!»