እጄን ያላወጣሁለት ማንኪያ

ዓሣ የማጥመድ ነገር ከተነሣ ሁሉም ሰው ዐዋቂ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ዓሣን በሳሕን እንጂ በውኃ ውስጥ አይቶ የማያውቅ ሰው ሳይቀር «እዚያ ጋ ብትጥለው ይሻል ነበር» ይላችኋል። እኔ በዚህ አልቀየምም፤ ሐሳብ መስጠት ማንንም አይጎዳም። ጣጣው የሚመጣው ሐሳቡ ለድምፅ ሲቀርብ ነው። ያኔ መመሪያ ይሆናል፤ መመሪያ ደግሞ፣ እናንተም እንደምታውቁት፣ ውኃው ይጥለቅ አይጥለቅ ግድ የለውም።

በደርግ ዘመን ባሕር ዳር፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሒሳብ ሠራተኛ ነበርሁ። እሑድ እሑድ የመሥሪያ ቤቱን ትንሽ የሞተር ጀልባ እያስፈቀድሁ ጣና ላይ እወጣለሁ። ከሳምንቱ ውስጥ የእኔ የምላት ቀን እሷ ብቻ ነበረች፤ የቀሩት የሥራና የስብሰባ ናቸው። ሞተሩን፣ የዳሩ ሣር እንዳይጠመጠምበት፣ ቀስ አድርጌ፣ መንጠቆዬን ከኋላ እየጎተትሁ፣ ዳር ዳሩን እሄዳለሁ። ክረምቱ ሲያበቃ ሐይቁ ሞልቶ የዳሩን ሣር ይውጠዋል፤ ነጭ ዓሣም ትንንሾቹን እያሳደደ እዚያ ይገባል። እዚያ ውስጥ ከባድ ነገር የጎተተ ሰው ይዞ የሚመለሰው ለከብት የሚሆን ነው። ስለዚህ ከአንዲት የሻይ ማንኪያ እጀታዋን ቆርጬ፣ አንድ መንጠቆ ብቻ አሰርሁባትና የመንጠቆውን ጫፍ ሣር እንዳይዘው በቀጭን ሽቦ ጋረድሁት። ቀላል ስለሆነች ከሣሩ በላይ እየተብለጨለጨች ትሄዳለች፤ ዓሣውም ትንሽ ዓሣ እየመሰለችው ይጎርሳታል። ማንኪያዋ የባለቤቴ የጥሩነሽ መሆኗን እሷው ለጎረቤቱ ሁሉ ስለተናገረች እኔ መድገም አያስፈልገኝም።

አንድ ዓመት፣ መስከረም ሊጠባ ሲል፣ ለአብዮት በዓል እንግዶች ዓሣ እናቅርብ ተባለ። የውይይት ክበባችን ሊቀ መንበር ጓድ ታፈሰ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚያስቸግረው ማይክሮፎን ሲጨብጥ ብቻ ነው። ከወዳጅ አገር መጥቶ የነበረ ባለሙያ ትቶት የሄደውን ሣጥን ይዞ መድረክ ላይ ወጣ። ሣጥኑ ውስጥ መዳፍ የሚያህሉ፣ ባለ ሦስት ጥርስ መንጠቆ የተንጠለጠለባቸው የናስ ማንኪያዎች ነበሩ። ውበታቸውን አልክድም፤ ግድግዳ ላይ ቢሰቀሉ ሳሎን ያደምቃሉ።

«ጓዶች! ትልቅ ማንኪያ ትልቅ ዓሣ ያመጣል። ሁላችንም በዚህ እናጠምዳለን። የምትደግፉ?»

አዳራሹ በሙሉ እጁን አወጣ። የእኔ እጅ ኪሴ ውስጥ ነበር።

«ጓድ ደምሴ፣ ተቃውሞ አለህ?»

«ለሣር አይሆንም» አልሁ። «ጥልቅ ውኃ ላይ ደኅና ነው። ዳር ላይ ግን ይሰምጥና ሣር ይይዛል።»

«ሣሩም አድኃሪ ሆነብን ማለት ነው?»

አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ እጄን ግን አላወጣሁም። ጸሐፊው ውሳኔውን «በሙሉ ድምፅ» ብሎ አነበበው፤ እኔ ድምፅ እንደሌለኝ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

በዋዜማው ጓዶች በትልቁ ጀልባ፣ እኔ በትንሿ ወጣን። እነሱ በናሱ ሲጎትቱ ዋሉና የሐይቁን ሣር አጨዱ። እኔ በጥሩነሽ ማንኪያ እየጎተትሁ ለእንግዶቹ የሚበቃ ነጭ ዓሣ ይዤ ተመለስሁ። ዓሣው ተጠበሰ፣ እንግዶቹም ጣታቸውን እየላሱ በሉ፤ ጓድ ታፈሰም ስለ ጋራ ጥረታችን ንግግር አደረገ። ተመስጋኝ እሆናለሁ ብላችሁ ከጠበቃችሁ ያን ዘመን ረስታችሁታል።

በሳምንቱ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ግለ ሂስ እንዳደርግ ታዘዝሁ። ጥፋቴ ግለኝነት ነው፦ የጋራውን ማንኪያ ትቶ በግል ማንኪያ ማጥመድ። «ተሳስቻለሁ» ካልሁ ይቅር እባላለሁ፤ ካላልሁ ጀልባዋን ዳግም አላያትም።

ተነሣሁ። «ዓሣውን በልታችሁታል» አልሁ። «የተሳሳትሁት የቱ ጋ እንደሆነ የበላ ሰው ይንገረኝ።» ተቀመጥሁ። ጀልባዋም በዚያው ሄደች።

«አንተ ሰው፣ አንዲት ቃል ብትተነፍስ ምን ነበረበት?» አለች ጥሩነሽ ማታ። «እኔስ ይኸን ጊዜ ተሳስቻለሁ ብዬ ጀልባዋን በተቀበልሁ።»

እሑድ መጣ፤ የምሄድበት አጣሁ። ግቢ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስል ዋልሁ። ተሳስቻለሁ ማለት ግን ከቶ አልመጣልኝም።

ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ጓድ ታፈሰ ብቻውን ቤቴ መጣ። ከአዲስ አበባ ሌሎች እንግዶች ሊመጡ ነው። የጀልባዋን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኖረና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ያችን ማንኪያ ስጠኝ፤ አሠራሯንም አሳየኝ። ጀልባዋን እንደ ድሮህ ውሰድ። ነገሩ በእኔና በአንተ መካከል ይቅር።»

ቁልፉን አየሁት። ብዙ አየሁት።

«ነገሩን አዳራሽ ውስጥ አንሣው» አልሁት። «ተሳስተሃል በተባልሁበት ቦታ፣ በማይክሮፎን፣ አልተሳሳትህም በለኝ። ማንኪያዋን ያኔ እሰጥሃለሁ።»

«እሱማ ለእኔ ግለ ሂስ ሊሆንብኝ ነው እኮ!»

«ታዲያስ?»

«ጀልባዋን አትፈልጋትም?»

«እፈልጋታለሁ» አልሁት፤ እውነቴን ነበር። ቁልፉን አንሥቼ መዳፉ ላይ አኖርሁለት።

የሚቀጥለው እሑድ ጠዋት፣ ቤታችን ከሐይቁ አይርቅምና፣ ጓዶቹ ጀልባዋን ሲያስነሡ ሰማን። ድምፅዋን ከመቶ ጀልባ መካከል እለየዋለሁ። እየፎከረች በቀጥታ ወደ ሣሩ ሄደች። ትንሽ ቆይታ አጓራች፣ አሳላት፣ ከዚያ ጸጥ አለች።

ጥሩነሽ ቁርሷን አቁማ አዳመጠች። «ምነው ቆሙ? ምን ሆነው ይሆን?»

«ስብሰባ ላይ ናቸው» አልኋትና ቁርሴን ቀጠልሁ።