የአጎት ሙርዛካን መስታወት

ተራራ ባለበት አገር ሁሉ አንድ “እንመለስ” ባይ አይጠፋም። ጫፉ ሊነካ ሲል፣ ሰው ሁሉ በልቡ ማዜም ሲጀምር፣ ቆም ብሎ በረዶውን በተረከዙ ይረግጥና የሰርጉን ድንኳን የሚያፈርሰው እሱ ነው። በእኛ በተራራማዋ በስቫኔቲ ይህን ማዕረግ የያዙት መንገድ መሪው ክቡር አጎት ሙርዛካን ናቸው፤ የመመለስ ሊቅ፣ የግማሽ መንገድ መስፍን።

ቃላቸው አንድ ናት፦ “ሊጥ ሆኗል። ተራራው የትም አይሄድም፤ እንመለስ።”

አይታሙም፣ የግንቦት መጨረሻ በረዶ ሊጥ ነው። ጎህ ሲቀድ እንደ ድንጋይ ይረገጣል፤ ፀሐይ ስትስመው ልቡ ይርዳል፣ እስከ ጉልበት ይውጣል፣ ሲከፋውም ናዳ ሆኖ ይወርዳል። ችግሩ ለአጎት ሙርዛካን በረዶ ሁሉ ሊጥ መሆኑ ነው። አንድ ጊዜ ገና የመንደሩን ድልድይ ሳይሻገሩ ሰው መልሰዋል። ሌላ ጊዜ ከሩቅ የመጣ እንግዳ “ጫፉ እኮ ይኸው!” ብሎ ቢለምናቸው፣ “አየኸው አይደል? ካየኸው ይበቃሃል” አሉት። ናዳ ወርዶላቸው ቢሆን ነቢይ በተባሉ ነበር። ተራራው ግን አንድም ቀን አልተባበራቸውም፤ እሳቸው ዞር ባሉ ቁጥር ቀኑን ሙሉ ፀጥ ብሎ ይስቅባቸዋል።

መንደሩ ደግሞ ልማድ አለው። የተራራችንን የቴትኑልድን ጫፍ የረገጠ ሰው በኪስ መስታወት ፀሐይዋን ወደ ታች ያንጸባርቃል። ብልጭታው ሲታይ እማማ ማክቫላ ከድንጋይ ማማቸው ሥር ዜማ ያወጣሉ፣ መንደሩ ይቀበላል፦

መስታወት ብልጭ አለ ከነጭ አናቱ ላይ፤
ወንድሜ ደረሰ ከበረዶ ሰማይ።

የአጎት ሙርዛካን መስታወት ግን ከጢም ማስተካከያነት አልፎ አያውቅም። የጎረቤት ልጅ ጆኪያ በየድግሱ አረቄውን ያነሳል፦ “ቴትኑልድን ከወገቡ በላይ ነክተውት ለማያውቁት ለጨዋው አጎታችን!”

እሳቸው ሥጋ የተሞላ ዳቦ፣ ኩብዳሪያቸውን፣ እያኘኩ፣ “ጠጡ ልጆቼ፤ ሁላችሁም እዚህ አላችሁ” ይላሉ።

ዘንድሮ ጉልበታቸው “በቃኝ” አለ። የመጨረሻ ጉዟቸውን እንደሳቸው መንገድ መሪ ከሆነችው ከወንድማቸው ልጅ ከሶፒኮ ጋር ወጡ። ሶፒኮ ማልዳ ስትነሳ አጎቷ መስታወቱን በእጅጌያቸው ሲወለውሉ አየቻቸው። ከወትሮው የተለየ ውልወላ ነበር። ገባት።

ከጫፉ ሥር ያለው ትከሻ ላይ ሲደርሱ ፀሐይ ቀድማቸው ነበር። ጫፉ እፊታቸው እንደ ሙሽራ ቆሟል። ሶፒኮ አንድ እርምጃ ብትራመድ እስከ ጉልበቷ ሰመጠች። ዞር ብላ የታወቀውን ቃል ጠበቀች። በረዶውን በተረከዛቸው እንኳ አልሞከሩትም፤ ዓይናቸው ጫፉ ላይ ቀርቷል።

“አጎቴ፣ ምን ይላሉ?”

“ጠንካራ ይመስለኛል” አሉ፣ እስከ ጭናቸው ሰምጠው።

ሶፒኮ ሳቋም እንባዋም እኩል መጣባት። እሺ ብትላቸው ዕድሜ ልክ የተመኙትን ብልጭታ ታያለች። ከዚያ በኋላ ግን ሁለቱንም የሚያያቸው ላይኖር ይችላል።

“ሊጥ ሆኗል፣ አጎቴ። ተራራው የትም አይሄድም።”

“እኔ ግን እሄዳለሁ፣ ልጄ።”

“የሚሄዱት ወደ ቤት ነው። መስታወቱን ይስጡኝ።”

እዚያው ትከሻው ላይ ቆማ ፀሐይዋን ወደ መንደሩ ላከቻት።

“ይኼ እኮ ማታለል ነው!” አሉ አጎት።

“ማን ጫፍ ላይ ነን አለ? በሕይወት አለን ነው ያልኩት።”

መንደር ሲገቡ ጆኪያ ድልድዩ ላይ ጠበቃቸው። “ብልጭታው ዝቅ አለብኝ! ጢም ሲያበጥሩ ነበር እንዴ?”

“አንተ፣ አፍህን ያዝ!” አሉት እማማ ማክቫላ። ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡና ያቺኑ ዜማ በሌላ ቃል አወጡ፦

መስታወት ብልጭ አለ ከነጩ ትከሻ፤
ወንድሜ ተመልሷል፣ ቤቱ ነው መድረሻ።

መንደሩ መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ተቀበለ። ጆኪያ ሳይቀር ያንን ወፍራም ድምፁን ከሥር አስገባ። አጎት ሙርዛካን ጢማቸውን የሚያስተካክሉ መስለው እንባ ያቀረሩ ዓይኖቻቸውን በመስታወቱ ከለሉ።

“ሊጥ ሆኗል” አሉ በቀጭን ድምፅ።

ምኑ እንደሆነ የጠየቃቸው የለም።