ከጓድ ተሰማ ጉንጭ የተገኘ ማስረጃ

ቢሮ ማለት በር ያለው ነገር ነው። ይህን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም፤ አንዲት ፊርማ ፍለጋ ግማሽ ቀን ኮሪደር ላይ ቆማችሁ ታውቃላችሁ። ዋናው መዝገብ ከክፍሉ አይወጣም። ጸሐፊዋ ግልባጭ ትተይባለች፣ ግልባጩ ማኅተም ይመታበታል፣ ዘበኛው ያሳልፈዋል፤ ውጭ ያለው ሠራተኛ ሥራ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ብዙዎቻችን ይህን ሁሉ የፈጠረው መንግሥት ይመስለናል። አይደለም። ከመንግሥት እጅግ ቀድመው ዩካርዮት የሚባሉት ሴሎች ፈጥረውታል። እኔ፣ እናንተ፣ የአዋሳ ሐይቅ ዓሣ፣ ዓሣው እስኪጸዳ ዳር ላይ እንደ ባለጉዳይ የሚቆመው አባ ኮዳ የሚባል ትልቅ ወፍ፣ ሁላችንም ከእነሱ የተሠራን ነን። የዘር መዝገባችን ኒውክለስ በሚባል፣ ዙሪያው በታጠረ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል፤ ወደ ሥራ ቦታ የሚወጣው ግልባጩ ብቻ ነው።

ፕሮካርዮቶች ግን፣ ባክቴሪያን የመሳሰሉትን ማለቴ ነው፣ ባለ አንድ ክፍል ናቸው። መዝገቡ እዚያው መሀል ወለሉ ላይ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። በር የለ፣ ዘበኛ የለ። ደብዳቤው ተጽፎ ሳያልቅ ጫፉን ይዘው ሥራውን ይጀምሩታል። ከተመቻቸው በሃያ ደቂቃ አንዱ ሁለት ይሆናል። የእኛ ትምህርት ቤት ስብሰባ በሃያ ደቂቃ አጀንዳ እንኳ አያጸድቅም።

ስብሰባ ካልኩ አይቀር ወደ ነገሬ ልግባ።

በደርግ ዘመን ነው፤ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ አዋሳ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህርት ሆኜ ከተመደብኩ ጥቂት ወራት ቢሆነኝ ነው። ድምፄ ከሦስተኛው ረድፍ አያልፍም ነበር። ሰው ፊት ስቆም እጆቼን የት እንደማደርጋቸው ስለማላውቅ አንዲት ጠመኔ በሁለት እጄ እይዛለሁ። አንድ ቀን ስለ ፕሮካርዮት አስተምሬ ስጨርስ፣ ከቱላ በእግሯ የምትመላለሰው አስቴር እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ እርስዎ ባክቴሪያ ኒውክለስ የለውም አሉን። ጓድ ተሰማ ደግሞ አምና ኒውክለስ የሌለው ሴል የለም ብለው አጽፈውናል። ለፈተና የማንን እንያዝ?»

ጓድ ተሰማ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ የእኔም አለቃ ናቸው። ሃያ ዓመት አስተምረዋል።

«የእኔን ያዙ» አልኩ። «ጓድ ተሰማ ተሳስተዋል።»

አጭር ዓረፍተ ነገር ናት። ከምሳ በፊት መምህራን ማረፊያ ደርሳ ነበር።

በየአሥራ አምስት ቀኑ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሂስና ግለ ሂስ የሚባል ስብሰባ ነበረን። አንዱ ተነስቶ ጥፋትህን ይነግርሃል፤ አንተም ተነስተህ «ሂሱን ተቀብያለሁ» ትልና ትቀመጣለህ። አልቀበልም ያለ ሰው ታይቶ አይታወቅም። ርዕሰ መምህሩ አስቀድመው ጠሩኝ።

«ተነሺ፣ ተቀብያለሁ በይ፣ ቁጭ በይ። ሰኞ ደግሞ ክፍል ገብተሽ ባክቴሪያም ኒውክለስ አለው ብለሽ ታርሚያለሽ። ቋሚ መሆኛ ወረቀትሽ ላይ የሚፈርሙት ጓድ ተሰማ መሆናቸውን አትርሺ፣ ልጄ።»

ልታዘዝ ነበር። እውነቴን ነው። ግን አስቴር ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ መጥታ ውሸት ተሸክማ ስትመለስ ታየችኝ። ደግሞስ፣ እውነት ለመናገር ያላገኘሁትን ድምፅ ለውሸት ከየት አመጣለሁ? ወደ ንብረት ክፍል ሄድኩ።

«ማይክሮስኮፑን ፈልጌ ነበር፣ አቶ ሽኩር።»

«ያን የሚሰበረውን?»

«ተሰብሮ ያውቃል እንዴ?»

«ወጥቶ መች ያውቅና!» አሉ የንብረት ክፍሉ ኃላፊ። ቅጹን ሦስት ቦታ አስፈርመውኝ፣ የእንጨት ሳጥኑን እንደ አራስ ልጅ አቅፈው ራሳቸው ይዘውልኝ መጡ። ስብሰባው ላይም አጠገቡ ተቀመጡ። እኔን አላመኑኝም።

ጓድ ተሰማ ሂሳቸውን አቀረቡ። ዲሲፕሊን፣ የንዑስ ከበርቴ ትዕቢት፣ በተማሪ ፊት የኃላፊን ክብር መንካት፤ ምንም አልቀረም። ተነሳሁ። ጠመኔዬ አልነበረችም። የዩኒቨርሲቲ መጽሐፌን ፊታቸው አስቀመጥኩ። ሳይከፍቱት በአንድ ጣት ገፉት።

«ኢምፔሪያሊስት አገር የታተመ ሥዕል ነው። ሥዕልማ እኔም እሥላለሁ!»

«እንግዲያው ሥዕሉ ይቅር» አልኩ። «እርስዎን እንይ። አፍዎን ይክፈቱልኝ።»

እምቢ ቢሉ የፈሩ ሊመስሉ ነው። ከፈቱ። አንድ ኃላፊ አፉን ከፍቶ ምንም ሳይናገር የቆየበት ስብሰባ ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

በስንጥር ጉንጫቸውን ከውስጥ ቀስ አድርጌ ፋቅሁ፤ ስስ የመስታወት ቁራጭ ላይ ቀባሁት፤ ሰማያዊ ማቅለሚያ ጠብ አደረግሁበት፤ የማይክሮስኮፑን መስተዋት ወደ መስኮቱ ፀሐይ አዞርኩ። ጓድ ተሰማ አጎነበሱ። ቆዩ። በጣም ቆዩ።

«ይሄ መሀሉ ላይ ያለው ጠቆር ያለ ነጥብ...»

«ኒውክለስዎ ነው።»

«የኔ?»

«የራስዎ።»

ቀና ሲሉ ፊታቸው ሌላ ነበር። «ሃያ ዓመት በጠመኔ ስሥለው» አሉ ቀስ ብለው፣ «አይቼው አላውቅም ነበር።» አቶ ሽኩር ወደ ጣሪያው ተመለከቱ።

እንደገና አጎነበሱ። «ዙሪያውን ያሉት ጥቃቅኖችስ?»

«ባክቴሪያዎች። እንግዶችዎ ናቸው።»

«እነሱም ኒውክለስ ኖሯቸው፣ ትንንሽ ስለሆኑ ሳይታየን ቀርቶ ቢሆንስ?»

ጥሩ ጥያቄ ነበር፤ የመምህር ጥያቄ። «አንዱ ባክቴሪያ ሙሉውን ከእርስዎ ኒውክለስ ያንሳል። የእኛ መሣሪያ አቅም እዚህ ላይ ያበቃል። ከዚህ በላይ የሚያጎላ መሣሪያ ያላቸው ሰዎች ውስጡን አይተው ፎቶግራፍ አንስተዋል። ፎቶግራፉ ያ የገፉት መጽሐፍ ውስጥ አለ» አልኩ። ኋላ የተቀመጡት ሁሉ ዞረው ሲያዩኝ ነው ድምፄ እዚያ መድረሱን ያወቅሁት።

መጽሐፉን ራሳቸው ሳቡት። ቆመው አነበቡ።

«የታጠረ ክፍል የለውም?»

«የለውም።»

«መዝገቡስ?»

«ሜዳ ላይ።»

«ሜዳ ላይ!» ብለው ሳቁ፤ ጓድ ተሰማ ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም ነበር። «ሰኞ የማርመው እኔ ነኝ። አንቺ ይህን ማይክሮስኮፕ ይዘሽ እኔ ክፍል ትገቢያለሽ፤ እኔ ኋላ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ።» ወረቀቴንም እዚያው የመስኮቱ ደፍ ላይ አስደግፈው ፈረሙልኝ። መምህራኑ ለማየት ተሰለፉ። አቶ ሽኩር ሳይቀሩ ጉንጫቸውን አስፋቁና፣ ኒውክለስ እንዳላቸው በዓይናቸው አረጋግጠው ተመለሱ። ሰው ሲያጨበጭብልኝ የመጀመሪያዬ ነበር፤ አልደብቃችሁም፣ ደስ ይላል።

የተጨነቁት ርዕሰ መምህሩ ብቻ ነበሩ። ስብሰባ ያለ ውሳኔ አይዘጋም፤ ቃለ ጉባኤ ደግሞ ሳቅ አይጽፍም። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ባክቴሪያ ኒውክለስ የለውም የምትሉ፣ እጅ!»

ጓድ ተሰማ ከሁሉም ቀድመው አወጡ። ቃለ ጉባኤውን ያገላበጠ ሰው ውሳኔው በአንድ ድምፀ ተአቅቦ መጽደቁን ያያል። የታቀብኩት እኔ ነኝ። ያው ዓይን አፋርነቷ ነው አሉ። ይበሉ። እነዚያ ፍጥረታት ከሦስት ቢሊዮን ዓመት በላይ ያለ ኒውክለስ ሲኖሩ ማንንም አላስፈቀዱም፤ አሁን እኔ እጄን አውጥቼ ልፈቅድላቸው?