ካልሲ ያጠለቀች ድመት

«ድመትሽ ወለሌን ደግማ ብትቧጥጥ በሽጉጥ እደፋታለሁ፤ በላት» አለኝ ጣሊያኑ ሻምበል። ለእናቴ ነው። እናቴ ድመታችንን ውሮን በነጠላዋ ሸፍና በሩ ሥር ቆማለች። እኔ አስተርጓሚ ነኝ። አዲስ አበባ የተማርኩት ፈረንሳይኛ የጣሊያንኛ ዘመድ ነው ተብሎ ከሁለቱ መሃል ተገትሬያለሁ።

«ድመትዎ ወለሉን ደግማ ከቧጠጠች እገድላታለሁ ይላል» አልኳት። ሻምበሉ ሰውን ሁሉ አንተና አንቺ ነው የሚለው። እኔ ስተረጉም እናቴን ወደ እርስዎ ከፍ፣ እሱን ወደ አንተ ዝቅ አደርጋለሁ። ያኔ የነበረኝ የጦር መሣሪያ ይኸው ብቻ ነበር።

«የማንን ወለል?» አለች እናቴ።

«የእኔን» አለ ሻምበሉ።

የሰው ቤት የነጠቀ ሰው ከባለቤቱ ይልቅ ለቤቱ እንደሚጨነቅ ታውቃላችሁ? ቤታችሁ ተነጥቆ ካላወቀ አታውቁትም። ነጣቂ ንጹሕ ነው። አቧራ ያመዋል።

ቤቱን ደብረ ማርቆስ ላይ፣ ከገበያው ከፍ ብሎ ያሠራው አባቴ ነው። ሻምበሉ እንደገባ እናቴን ወደ ጓሮ፣ ወደ ማድ ቤት አወጣት። ቀጥሎ በእበት የተለቀለቀው መሬት ሸተተኝ አለ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ወይራ አስቆርጦ ወለሉን በጣውላ አስነጠፈው። ከዚያ ደግሞ ሰም ፈለገ። ለጧፍ የሚሆነው የማር ሰም ሁሉ ተሰብስቦ ጣውላው ተወለወለበት። ቄሶቹ በጨለማ ይቀድሱ፤ ወለሉ ያብራ! አርበኞቹን ፈርቶ ወደ ሮብ ገበያ መንገድ ዝር የማይል ሰው፣ በአባቴ ቤት ወለል ላይ ግን እንዴት ያለ ጀግና ነበር!

ውሮስ? ውሮ እዚያ ቤት ተወልዳለች። ረፋድ ላይ ፀሐይ በመስኮቱ የምትገባበትን ቦታ ታውቃለች፤ ሄዳ እዚያ ትጋደማለች። መንግሥት መለወጡን ማን ይንገራት? በየትኛው ቋንቋ? አስሮ ማኖርም አይሆንም። የዓመት ጤፋችን ያለው ጓሮ፣ ጎታው ውስጥ ነው። አይጡ የጎረቤታችንን ጎታ ባዶ አድርጎ ወደ እኛ መሻገር ጀምሯል። ውሮ ከሞተች ክረምቱን የምንበላው የለንም። ይኼ ቀልድ አይደለም።

ስለዚህ እናቴ ካልሲ ሰፋች። ካልሲ የሚለውን ቃል ራሱን የተማርነው ከእነሱ ነው፤ ሥልጣኔ ይሉታል። ያረጀ ጋቢ ቀድዳ አራት ትንንሽ ከረጢት ሰፋችና በክር ቋጠረችላት። ማታ ለአይጥ ታወልቅላታለች፣ ጠዋት ለጣሊያን ታለብሳታለች። ውሮ ሰሙ ላይ እየተንሸራተተች፣ እግሯን ውሃ እንደነካው ሰው እያራገፈች ስትሄድ ያየ ሁሉ ይስቃል። እኔ አልሳቅሁም። ድመት እንኳ በገዛ ቤቷ እንደ ልቧ እንዳትረግጥ የሚከለክል ምን ዓይነት ፍጡር ነው እያልኩ ጥርሴን አፋጫለሁ።

ጭረቱ ግን አልቀረም። እንዲያውም ባሰ። ከበሩ እስከ ጠረጴዛው፣ ከጠረጴዛው እስከ መስኮቱ። ሻምበሉ ተንበርክኮ በጣቱ ይዳስሰዋል። ከዚያ ይነሣና፣ ሶሉ ምስማር በተመታበት የወታደር ጫማው ወዲያ ወዲህ እየተንጎራደደ ድመቷን ይራገማል። እኔ አይቻለሁ። እናቴም አይታለች። ያላየው እሱ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አስጠራን። ውሮ አራቱንም ካልሲ እንዳጠለቀች ፀሐዩ ላይ ተኝታለች። ሽጉጡ ጠረጴዛው ላይ ነው። አዲስ ጭረት በጣቱ እያሳየ፣ ነገሩ አልቋል አለ፤ ድመቷን ወደ ግቢ አውጡልኝ፣ ወለሌን ደም እንዲነካው አልፈልግም።

ይህን እንዳለ አለቃው ኮሎኔል ሳያንኳኳ ገባ። ወፍራም ሰው ነው። ከነጭቃው፣ የጫማው ምስማር እየተንቋቋ፣ ከበሩ እስከ መስኮቱ ሄደ። ወደ ውጭ አየ። ዞሮ ተመለሰ። ወይራው ሲጢጥ አለ። ነጭ ጭረት ከኋላው እንደ እርሻ ትልም ተዘረጋ። ሻምበሉ ቀጥ ብሎ ሰላምታ ሰጠ። ፊቱ በርበሬ መሰለ።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ በትሕትና «እስቲ ጠይቅልኝ ልጄ» አለች። «ለእኒህም ጌታ ካልሲ ልስፋላቸው?»

ተረጎምኩት። አንድ ቃል አላጎደልኩም።

ኮሎኔሉ ጫማውን አየ። ሻምበሉ ሽጉጡን አየ። እናቴ በርከክ ብላ የውሮን ካልሲዎች አንድ በአንድ ፈታች፤ ከኮሎኔሉ ጫማ አጠገብ በሥርዓት ደረደረቻቸው። ድመቷን በነጠላዋ ሸፍና ወጣች።

ልከተላት አንድ እግሬን እንዳነሣሁ ሻምበሉ በሩን ፊቴ ላይ ጓ አድርጎ ዘጋው፤ እኔ ከሁለቱ ጋር ውስጥ ቀረሁ።