ካሜራ ወይስ ሌንስ

ለመሆኑ፣ መወሰን የማይችል ፎቶ አንሺ ገጥሟችሁ ያውቃል? የሸዋ ሮቢቱ ደረጀ «አዲስ ካሜራ ልግዛ ወይስ የተሻለ ሌንስ?» እያለ ባጃጅ ነጂ ሳይቀር ያማክራል። ሌንስ ግዛ ሲሉት ካሜራ ያምረዋል፤ ካሜራ ሲሉት ሌንስ።

ባለፈው ጥር ሰርግ ቤት፣ በዚያ ሙቀት፣ ድንኳን ጥግ አስቁሞኝ ይህንኑ ሲያብራራልኝ፣ ለካ ሙሽሪት የእናቷን ጉልበት ስማ፣ እናትና ልጅ ተላቅሰው፣ መኪናው ተነስቷል። ደረጀ ደንግጦ ወደ እናትየዋ ሮጠ።

«እትዬ ዘነበች፣ ልቅሶውን አንዴ ይድገሙልኝ።»

«ልጄን መልስልኝና አለቅስልሃለሁ» አሉት።

ደረጀ የሚርቀውን መኪና በአሮጌ ካሜራው እያየ፣ «አየህ፣ ከሩቅ የሚስብ ሌንስ ቢኖረኝ ከዚህ ሆኜ አነሳት ነበር» አለኝ። ካሜራውን ዝቅ አደረገና ደግሞ፣ «ወይስ ፈጣን ካሜራ ይሻል ነበር?»

ይታያችሁ፣ እኔም አብሬው ቆሜ ማሰብ ጀመርኩ።