ሊሸጥ ሁለት ዓመት የቀረው ቤት

አከራያችን ጠዋት ጠዋት ከበራቸው ወጥተው መንገዱ ዳር ይቆማሉ። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ፊት ለፊት ያለውን ቤት፣ ማለትም እኛ የተከራየነውን የራሳቸውን ቤት፣ ከጣሪያው እስከ መሠረቱ ይቃኙታል። ከዚያ የዕለቱን ዋጋ ያውጃሉ። በዚያ ሰዓት ልጆቼን ትምህርት ቤት ለማድረስ ስለምወጣ ከሬዲዮው ዜና በፊት የምሰማው የእሳቸውን ነው።

«ጨምሯል» ይላሉ። ቀንሶ አያውቅም።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ቤቱን ሳይገዛ የሚሸጥበትን ቀን ይወስናል፤ ቀኑ ሲደርስ ደግሞ ቀኑን ይገፋል። የእኛው ክቡር ባለንብረት ይህን ቤት የገዙት በሁለት ዓመት ውስጥ አትርፈው ሊሸጡት ነበር። ይኸው አሥራ አራት ዓመት ሆነው። ዛሬም «ስንት ቀረው?» ብትሏቸው «ሁለት ዓመት» ነው መልሳቸው። ሰፈሩ «ጋሽ ሁለት ዓመት» ይላቸዋል፤ ያውቃሉ፣ አይከፋቸውም።

የሚገርመው ዕድሜያቸውን የፈጁት መድኃኒት ቤት ውስጥ መሆኑ ነው። ባለቤታቸው ነገሩን አሳምረው ይገልጹታል፦ «ሠላሳ ዓመት የሽሮፕ ማብቂያ ቀን ሲያነብ ኖሮ ለአንድ ቤት ቀን መቁረጥ አቃተው!»

ለእኛ ለተከራዮቹ ግን ሁለት ዓመት ቀልድ አይደለም። በሩ በእርጥበት አብጦ አልዘጋ ሲለን «ለሁለት ዓመት ብሎ በር የሚቀይር ሞኝ አለ?» አሉን። ባለቤቴ ግድግዳው ላይ ምስማር ልትመታ ስትል «ተይ ልጄ፣ ገዢ ቀዳዳ አይወድም» አሏት። አሥራ አንድ ዓመት በኖርንበት ሳሎን የሠርጋችን ፎቶ እስካሁን ወንበር ላይ ነው። እንግዳ ሲመጣ ተነሥቶ ቦታ ይለቃል።

ባለፈው ሳምንት እውነተኛ ገዢ መጣ፤ ቤቱን አፍርሶ ፎቅ ሊሠራ ያሰበ ተቋራጭ። ያቀረበው ዋጋ አከራያችን ጠዋት ከሚያውጁትም ይበልጣል። ሳሎናቸው ድረስ እኔንም አስጠሩኝ። በዚህ ኪራይ፣ ከልጆቹ ትምህርት ቤት አጠገብ፣ ሌላ ቤት እንደማላገኝ አውቃለሁ።

«አባቴ፣ ዋጋውን ሰምተዋል» አለ ተቋራጩ። «በሦስት ወር ይልቀቁልኝ እንጂ ሌላ አልጠይቅም።»

«አንተ ሰውዬ» አሉ ባለቤታቸው፤ «ዛሬ ካልሸጥክ መቼ ልትሸጥ ነው?»

አከራያችን ወደ እኔ ዞሩ። «ትንሿ ስንተኛ ክፍል ናት?»

«ሦስተኛ፣ ጋሼ።»

በጣታቸው ቆጠሩ። አንድ እጅ አልበቃቸውም።

«ዘጠኝ ዓመት» አሉት ሰውየውን። «ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ተመለስ።»

«የሰው ልጅ ትምህርት አንተን ምን አገባህ?» ጮኹ ባለቤታቸው።

«ምንም! ቤት በሁለት ዓመት አይበስልም፤ ድሮም ብዬሻለሁ።»

«መቼ ነው ያልከኝ?»

ተቋራጩ ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሳማቸው የኖርኩ ሰው ላመሰግናቸው ተነሣሁ። እሳቸው ግን ዓይኔን ማየት አልፈለጉም፤ የሻዩን ብርጭቆዎች መሰብሰብ ጀመሩ።

«ንግድ ነው ልጄ» አሉኝ። «የረጅም ጊዜ ኢንቨስትመንት።»

ከመጪው ወር ጀምሮ ኪራይ ይጨምራል።