ለሄክተር የተፈቀደው አፓርትመንት

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት
ቦታ፦ ማንሃተን፣ የሕንፃችን ልብስ ማጠቢያ ክፍል (የአዳራሹ አዲስ ምንጣፍ እንዳይረገጥ ባለፈው ስብሰባ በመወሰኑ)

የተገኙ የሕንፃው ነዋሪዎች ቦርድ አባላት፦ ዶ/ር ታዴየስ ዌክስለር፣ ሰብሳቢ፣ ጡረታ የወጡ የጥርስ ሐኪም፤ ሚስስ ኦቲሊ ክሬን፣ ገንዘብ ያዥ፤ ሚስተር ባርናቢ ፌልድ፣ አባል፤ ሚስስ አይኔዝ ሎሪመር፣ ጸሐፊ።
ያልተገኙ፦ ሚስተር ፓስኳል፣ ሰብሳቢውን ስላኮረፉ።

ሚስተር ፌልድ ተኝተው ስለነበር እንደተገኙ ይቆጠሩ ወይስ አይቆጠሩ የሚል ክርክር ተነሣ። በመካከሉ አንድ ዓይናቸውን በመግለጣቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ ውሻው

የ9ሲ ባለቤት ወንዙን የሚያሳየውን ቅንጡ አፓርትመንታቸውን ጡረታ ለወጡት የኦፔራ ዘፋኝ ለሚስ ማርግሪት ሃልቮርሰን ለማከራየት የቦርዱን ፈቃድ ጠይቀዋል። አመልካቿ የሚኖሩበት ሕንፃ ስለሚፈርስ እስከ ዓርብ መውጣት አለባቸው፤ ሦስት ሕንፃዎችም በውሻቸው ምክንያት መልሰዋቸዋል። በደንባችን መሠረት ውሻውና አመልካቿ ለየብቻ ቃለ መጠይቅ ተደርጎላቸዋል።

ውሻው ሄክተር የበር ደወል ቢደወልበትም አልጮኸም። ከእንቅልፋቸው የባነኑት ሚስተር ፌልድ ግን ጮኸዋል። ሰብሳቢው የሄክተርን ጥርስ መርምረው ከአባላቱ ጥርስ እንደሚሻል አስታወቁ። ሚስስ ክሬን አስተያየቱ ከቃለ ጉባኤው እንዲሰረዝ ጠየቁ። ሰብሳቢውም፣ «ኦቲሊ፣ ያንቺን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ የምለውን አውቃለሁ» አሉ።

ሄክተር በሙሉ ድምፅ ተቀባይነት አገኘ።

አጀንዳ 2፦ የውሻው ባለቤት

አመልካቿ ቤት ውስጥ ይዘፍኑ እንደሆነ ተጠየቁ።

«ጠዋት ጠዋት ለሄክተር እዘፍንለታለሁ» አሉ። «ጆሮው አይሰማም። ደረቴ ላይ ተኝቶ ነው የሚያዳምጠኝ።»

ሚስስ ክሬን ቦርዱ በደንቆሮ ውሻ እንደተታለለ ገልጸው ለሄክተር የተሰጠው ድምፅ ይሻር አሉ። ሰብሳቢው ሄክተር የተጠየቀው እንዳይጮኽ ብቻ እንደሆነና ያልጮኸበትን ምክንያት የጠየቀው እንደሌለ አስረዱ። ከረጅም ውይይት በኋላ ውሻው እንዲገባ፣ ዘፋኟ እንዳይገቡ ተወሰነ። ሚስተር ፌልድ ውሉ በሄክተር ስም ሆኖ አመልካቿ እንደ ጠያቂ እየመጡ እንዲያንሸራሽሩት ያቀረቡት ሐሳብም ጸደቀ።

ውሳኔው ሲነገራቸው ሚስ ሃልቮርሰን የሄክተርን ማሰሪያ እጃቸው ላይ ጠቀለሉ። «ከእሱ ተለይቼማ አላድርም» አሉ። «የት እንደምንሄድ ግን እንጃ።»

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ጸሐፊዋ እጇን አወጣች። ሰብሳቢው፣ «አይኔዝ፣ አንቺም ትናገሪያለሽ እንዴ?» ሲሉ ጠየቁ። ጸሐፊዋ አንድ ነዋሪ እንግዳ ለማሳደር የቦርድ ፈቃድ እንደማያስፈልገው ከደንቡ አነበበች። ባለቤቷ ካረፈ ወዲህ የተዘጋ አንድ ክፍል እንዳላትም አስታወቀች። ሚስ ሃልቮርሰንንም፣ «ዛሬውኑ ይምጡ። እስከፈለጉት ጊዜ ይቀመጡ» አለቻቸው።

የትኛው ክፍል እንደሆነ ሰብሳቢው ጠየቁ። ከእርሳቸው መኝታ ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ የሚዋሰነው መሆኑ ተገለጸላቸው። ሰብሳቢው ቀጥለው ሚስ ሃልቮርሰን ጠዋት በስንት ሰዓት መዝፈን እንደሚጀምሩ ጠየቁ። ንጋት 12 ሰዓት መሆኑ ተነገራቸው።

ሰብሳቢው ወዲያው ባቀረቡት ሐሳብ፣ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር፣ ሚስ ሃልቮርሰንም ከነውሻቸው አሁኑኑ 9ሲ እንዲገቡ በሦስት ድምፅ ተወሰነ። ሚስተር ፌልድ የደገፉት ተኝተው ይሁን ነቅተው አልተጣራም። ከ9ሲ ሥር በ8ሲ የሚኖሩት ሚስስ ክሬን ለመቃወም እጃቸውን በማንሣት ላይ ሳሉ ስብሰባው ከምሽቱ 2፡40 ተዘግቷል።